ቁልቁለት የእግዜር ነዳጅ ነው

ኅዳር 4

ጠዋት ደህና ነበር። እንደ ሌላው ቀን። መስፊያዬ ላይ ቁጭ ብዬ ለልጄ መኪና ልብስ እሰፋ ነበር። ሸራው ወፍራም ነው፣ መርፌ ሰበረብኝ። "እማ፣ ፀሐይ ቀለሟን እየበላት ነው፣ ልብስ ስፊላት" ብሎኝ... ለመኪና ልብስ። ለራሱ አንድ ደህና ጃኬት የለው። የኋላዋን ጨርሼ ጎኗ ላይ ደርሼ ነበር።

የፋርማሲዋ ጎረቤታችን መጥታ በር ላይ ቆመች። አትገባም፣ አትሄድም። ነጭ ጋውኗን እንኳ አላወለቀችም። ከኋላዋ ትልቋ ልጄ። የግራ ጫማዋን በቀኝ እግሯ ነው ያደረገችው። እግሯን አይቼ ነው ያወቅሁት፣ አፏን ሳትከፍት።

"ማንኛው?" አልኩ። አባቷ ነው ወይስ ልጄ ማለቴ ነው።

"ወንድሜ" አለች።

ከውሃ ታንከሩ በታች ያለው ቁልቁለት ላይ። መኪናዋ ኩርባው ጋ ከመንገድ ወጣች። በቃ። ይህንኑ ነው የነገሩኝ።

መርፌው ሸራው ላይ እንደተሰካ ነው። ማንም እንዳይነቅለው አልኩ።

ኅዳር 5

ቀበርነው።

ኅዳር 9

ትልቋ "ጻፊው እማ፣ ካላወጣሽው ያፍንሻል" አለችኝ። የደንበኞች ልክ የምጽፍበት ደብተር ነው፤ የአራትና የአምስቱንም ዛሬ ነው የጻፍኩት። ከፊት የሰው ወገብና ትከሻ... ከኋላ ልጄ። ለማንም አላሳይም።

ቤቱ ሰው ሞልቷል። ሁሉም አንድ ቃል ይዞ ነው የሚመጣው። ፍጥነት። አንዷ "ስፖርት መኪና እኮ ሲሠራም ለሞት ነው" አለች፣ ከጎኔ ተቀምጣ፣ እጄን ይዛ። ምን ይባላል?

እኔ ግን አልገባኝም። የኔ ልጅ? ሰፈሩ ሁሉ "ኤሊ" ነበር የሚለው። በዚያች ዝቅ ባለች ሰማያዊ ባለሁለት በር መኪና ውስጥ ተቀምጦ ብስክሌት ይቀድመው ነበር። ልጆች በሩጫ ይወራረዱት ነበር።

ነገሩ ቤንዚን ነው። አርጅታ ነው የገዛት፣ ርካሽ ናት ብሎ። ለካ ርካሽ የሆነችው ለመግዛት ብቻ ነው። ተራ ቤንዚን አትጠጣም፤ ውዱ ካልሆነ ሞተሯ ይንኳኳል። ጎማዋ ሰፊ ነው፣ በአንዱ ዋጋ ለሌላ መኪና ሁሉንም ይገዛል። ዘይቷ ልዩ። ኢንሹራንሷ፣ ስፖርት ስለምትባል ብቻ፣ እጥፍ። ማተሚያ ቤት ከሚያገኘው ደሞዝ ግማሹን የምትበላው እሷ ነበረች።

እኅቱ "ሚስት ብታገባ ይረክስህ ነበር" ስትለው፣ "ሚስት ቆማም ትጠይቃለች፤ ይቺ ስትቆም ዝም ትላለች" ይል ነበር።

እንድትቀል ብሎ ትርፍ ጎማዋን አውጥቶ አልጋው ሥር ከተተ። ቢሞቀውም ማቀዝቀዣ አይከፍትም። ወፍራሙን ጓደኛውን ዳገት ላይ "ውረድልኝ፣ ሆድህ ቤንዚን ነው" ይለዋል። ያም እየሳቀ ይወርድለታል። አየሁ እኮ፣ በዓይኔ።

ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ይፈጥናል?

ኅዳር 12

ዛሬ የትራፊክ ፖሊሱ መጣ። ቆቡን አውልቆ፣ እግሩን በር ላይ ጠርጎ ገባ። ጨዋ ልጅ ነው። ወረቀቱን ለአባቱ ሰጠው፤ አባቱ መነጽሩን አጥቶ ለኔ አቀበለኝ። እኔ ቀስ ብዬ ነው የማነበው። "የአደጋው መንስኤ፦ ከመጠን ያለፈ ፍጥነት።" ደግሜ አነበብኩት።

በምን አወቃችሁ አልኩት። አስፋልቱ ላይ የፍሬን ምልክት የለም አለ። ኩርባው ጋ ሲደርስ በጣም ይበር ነበር፣ ፍሬን የያዘም አይመስልም።

"ልጄን እኮ ኤሊ ነበር የሚሉት" አልኩት።

አንገቱን ደፋ። "እናቴ፣ ልጆች ብቻቸውን ሲሆኑ ሌላ ናቸው።"

ብቻውን ሲሆን ሌላ ነበር? እናት የማታውቀው ሌላ?

አባቱ ራሱን ነቀነቀ። "ነግሬው ነበር። ይቺ መኪና እግር ታሳክካለች፣ ፍጥነት ያጠፋሃል ብዬ ነግሬው ነበር።" ከቀብሩ ወዲህ እንዲህ ረጅም ሲናገር የመጀመሪያው ነው።

ኅዳር 17

ጋራዥ ሄድኩ። ዕቃውን ውሰዱ ብለው ደውለው ነበር። አባቱ መኪናዋን ማየት አልፈልግም አለ። ብቻዬን ሄድኩ።

ግቢው ጥግ ላይ አቁመዋታል። ፊቷ የለም። ከጎኗ ብቻ ነው ያየኋት። ቀለሟ ደህና ነው... ፀሐይ እየበላው ነው ያለው ቀለም።

መካኒኩ ልጄን ያውቀዋል፣ ዘይቷን የሚቀይርላት እሱ ነበር። የፀሐይ መነጽሩን፣ የምሳ ዕቃውን፣ ጃንጥላውን በከረጢት ሰጠኝ። ከዚያ ቆመ። እጁን በጨርቅ ይጠርጋል። ይጠርጋል። ጸድቶም ይጠርጋል።

"እማማ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ ወይስ ይቅር?"

ከዚህ ወዲያ ምን የሚቀር አለ አልኩት።

ቁልፉ ያለበትን አሳየኝ። ሞተሩ ጠፍቶ ነበር አለኝ። በግጭቱ አይደለም፣ በእጅ። ማርሹም ባዶ ላይ ነው፣ ሾፌሮች ፎሌ የሚሉት። ፖሊሶቹ አላዩትም ወይ አልኩ። አይተው ይሆናል፣ ሲጎትቷት ሰው የነካው መስሏቸው ይሆናል አለ።

"ይህ ምን ማለት ነው ልጄ?"

"ቤንዚን ለመቆጠብ ነው እማማ። ቁልቁለት ላይ ሞተር አጥፍቶ በክብደቷ መንዳት። የዚህች መኪና ፍሬን ግን ጉልበቱን የሚያገኘው ከሞተሩ ነው። ሞተር ሲጠፋ አንድ ሁለቴ ይታዘዛል። ከዚያ ድንጋይ ነው። መሪውም ይከብዳል። ፍጥነት ነበረው፣ አልዋሽዎትም። ግን እግሩ አላመጣውም። ቁልቁለቱ ነው ያመጣው።"

አንድ እሑድ ትዝ አለኝ። "ነይ ላንሸራሽርሽ" ብሎ ወሰደኝ። ወንበሯ መሬት ለመሬት ነው፣ መውጣቱ ጉልበቴን ፈጀው። የውሃ ታንከሩን አልፈን ቁልቁለቱ ጫፍ ላይ ስንደርስ "እማ፣ አሁን ስሚ" አለኝ። ቁልፉን ዞር አደረገው። ድምፁ ሁሉ ጠፋ። ነፋስ ብቻ። እየተንሳፈፍን ወረድን። ደስ አለኝ እኮ... ደስ አለኝ። ኩርባው ሳይደርስ መልሶ አስነሣት። በሞተበት ቀን ግን ለምን ቶሎ አላስነሣትም? ትንሽ ልጨምር ብሎ ይሆን?

እሑዱን ምን ነበር ያለኝ... "አባዬ ነው ያስተማረኝ። ቁልቁለት የእግዜር ነዳጅ ነው ይላል።" እየሳቀ።

አባዬ ነው ያስተማረኝ።

መካኒኩ ወንበር አመጣልኝ።

ኅዳር 18

ለማን ልንገር?

ኅዳር 23

አባቱ ዕድሜውን የጨረሰው በጭነት መኪና ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ መሪ ይዞ አያውቅም፣ ወሬው ግን ሁሌ መንገድ ነው። እጁ ላይ ያለው ሰዓት ድርጅቱ የሸለመው ነው። ከሾፌሮች ሁሉ ትንሽ ነዳጅ የፈጀ ብለው። ሲተኛም አያወልቀውም።

ዛሬ የድሮ ባልደረቦቹ ሊያስተዛዝኑት መጡ። "ሽማግሌው፣ አንተ እኮ የነዳጅ ታንከሩን አሽትተህ ብቻ አገር የምታቋርጥ ነበርክ" አሉት፣ ትንሽ ሊያጫውቱት። ፈገግ አላለም። ሰዓቱን በአውራ ጣቱ አሻሸ። ከዚያ፣

"እኔ ለልጄ ያስተማርኩት በቀስታ መሄድን ነው" አለ። "በቀስታና በቁጠባ። እሱ ግን ፍጥነትን ሰማ።"

ሰዎቹ ሁሉ እውነትህን ነው አሉት።

ተነሥቼ ጓዳ ገባሁ። ይቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት ሰውዬውን ደግፋ ያቆመችው። ብነቅላት ይወድቃል። ዝም ካልኩ ደግሞ ልጄ ዘላለም ቀበጥ ሆኖ ይቀራል፣ በፍጥነት የሞተ፣ አባቱን ያልሰማ። የሰማውን ልጅ አልሰማም ሲሉት እየሰማሁ...

ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ። የኔ ፍም ነው። ጨብጬዋለሁ።

ኅዳር 28

መስፊያዬን ከፈትኩ። ሸራው እንዳለ ነው። አንድ ስፌት ሰፍቼ ተውኩት። ማን ይለብሰዋል?

ታኅሣሥ 2

ቤንዚን ዋጋ ጨመረ። ሰዉ ሁሉ እሱን ያወራል። እኔ ምን ገዶኝ... ብዬ ነበር።

ለእራት ትልቋ ከባሏና ከልጃቸው ከሚጣ ጋር መጣች። ባሏ በሚኒባስ ሰው የሚያመላልስ ነው፤ ሚጣንም ትምህርት ቤት የሚያደርሳት በዚያው ነው። ጥሩ ልጅ ነው፣ ትንሽ ይፎክራል። ጓደኞቹ በቤንዚኑ ሲያለቅሱ እኔ አላለቀስኩም አለ። ትልቋ ምን አገኘህ ስትለው ወደ ባሌ ዞሮ ጠቀሰው። ሚጣ አፏ ሙሉ እያለ፣

"መኪናችን ቁልቁለት ላይ ትተኛለች" አለች። "አባቢ ያስተኛታል። ከዚያ ዝም ነው የምትለው።"

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ።

የትኛው ቁልቁለት ብዬ ጠየቅኳት፣ ቀስ ብዬ። "የውሃው ታንከር ጋ ያለው ነዋ።"

አባቱ ሳቀ። ከኅዳር 4 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። "የእግዜር ነዳጅ! በርታ፣ በርታ። አንተስ ሰማኸኝ። ብቻ በቀስታ።" ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

የሰው ሳቅ እንዲህ ያስፈራል?

ታኅሣሥ 3

ማልጄ የልጄን ባል ሚኒባሶቹ ከሚቆሙበት ሄጄ ጠራሁት። መካኒኩ ስለ ፍሬን ያለኝን ነገርኩት፣ የልጄንና የባሌን ነገር ግን አላነሣሁም። አንድ መካኒክ የነገረኝ ብዬ ብቻ። ሞተር ሲጠፋ ፍሬን ይደርቃል አልኩት።

በትሕትና ሰማኝ። ከዚያ ሳቅ አለ። "እማማ፣ መካኒክ ካላስፈራራ በምን ይኖራል? አባባ ዕድሜ ልካቸውን አድርገውታል፣ ፀጉራቸው ሸብቶ ጡረታ ወጡ። እሳቸው ተው ካሉኝ እተዋለሁ።"

ለሚጣ ስትል ተው አልኩት። "እሺ እማማ" አለ። እሺ ሲል አውቀዋለሁ። እሺ ብሎ የሚያደርግ ሰውና እሺ ብሎ የሚሸኝ ሰው አለ።

ስመለስ ሚኒባሱ ከአጠገቤ አለፈ። ሚጣ በመስኮት እጇን አወዛወዘችልኝ።

ታኅሣሥ 4

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አንዴ ካልኩት አይመለስም። ሰውዬው ልቡ ደካማ ነው፣ መድኃኒት ይወስዳል። አንዱን ቀብሬ ሌላውን በእጄ ልግፋ? ግን ሚጣ ነገም ተነገ ወዲያም በዚያ መንገድ ትሄዳለች... ዛሬ ሄዳ እስክትመለስ በረንዳ ላይ ቆሜ ዋልኩ። ሥራ አልነካሁም። የሚኒባሱ ጥሩምባ ሲሰማ ነው ወደ ውስጥ የገባሁት።

ነገ።

ግን እንዴት ነው የሚባለው? በየትኛው ቃል?

ታኅሣሥ 5

በቃል አልተባለም።

ጠዋት "ተነሥ፣ አብረኸኝ ሂድ" አልኩት። ወዴት አለ። ጋራዥ። አልሄድም አለ። "ያንተን እግር እፈልጋለሁ፣ ያንተን ብቻ" አልኩት። አየኝ። ካገባኝ ጀምሮ እንዲህ ተናግሬው አላውቅም። ኮቱን ለበሰ።

መካኒኩን ቀደም ብዬ በስልክ ለምኜው ነበር። ግቢው መሐል ለጥገና የመጣች አንዲት ደህና መኪና አቁሟል። የልጄን መኪና በአሮጌ ሸራ ሸፍኗታል፣ እግዜር ይስጠው።

"ግባና ፍሬኑን ርገጥ" አልኩት።

"ምን አስበሽ ነው?"

"ርገጥ።"

ገባ። እጁ መሪው ላይ ሲያርፍ ትከሻው ተቃና፣ እንደ ድሮው። መካኒኩ ሞተሩን አስነሣለት። ረገጠ። ገባለት። "ደህና ነው" አለ። መካኒኩ ሞተሩን አጠፋው። "አሁን ይርገጡ አባባ።" ረገጠ። ገባለት። ደግሞ ረገጠ፣ ጠንከር አለ። ሲደግመው አልገባም። መሪውን ይዞ ከወንበሩ ተነሥቶ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ ረገጠው። ድንጋይ። መሪውን ሊያዞር ሞከረ። አልዞርም አለው።

የሾፌር እግር ነው። ሌላ ሰው ይጠይቅ ነበር። እሱ አልጠየቀም። እግሩ ሲረዳ፣ ከዚያ ጉልበቱ፣ ከዚያ ፊቱ ሲረዳ አየሁት። እዚያው ተቀመጠ።

"የኔ መኪና እንዲህ አልነበረም" አለ። "የድሮ ነበር። ፍሬኑ ሞተር አይጠይቅም ነበር።"



"የልጄ ቁልፍ የት ላይ ነበር?"

መካኒኩ ወደኔ አየ። እኔ ነገርኩት።

ሌላ ደንበኛ ገብቶ ጎማ አስሞልቶ ወጣ። ከዚያ ወደኔ ሳይዞር፣ "መቼ ነው ያወቅሽው?" አለኝ።

"አሥራ ሰባት ዕለት።"

"ይህን ሁሉ ቀን ብቻሽን?"

"ብቻዬን።"

"ሰምቶኝ ነበር ማለት ነው" አለ። "ልጄ ሰምቶኝ ነበር።"

ታኅሣሥ 6

አልበላም። መድኃኒቱን ግን ሰጥቼው ዋጠ። ትንፋሹን እያዳመጥኩ ነው።

ሰዓቱ ጠረጴዛው ላይ ነው። እጁ ላይ ሰዓቱ የነበረበት ቦታ ነጭ ሆኖ ቀርቷል።

ልክ አድርጌያለሁ? ማን ይነግረኛል?

ታኅሣሥ 7

ሳልቀሰቅሰው ተነሣ። ኮቱን ለብሶ ወጣ። ተከተልኩት፣ ከሩቅ። ሚኒባሶቹ ወደሚቆሙበት ሄደ። የልጄ ባል ሚጣን ከፊት አስቀምጦ ሊነሣ ነበር። አባቱ መስኮቱን አንኳኳ። "አጥፋው" አለው። "እኔ የምልህን አድርግ።" የጋራዡን ነገር በዚያው ሚኒባስ ላይ አስደረገው። ያው ነው፣ ድንጋይ። ልጁ መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ።

ሾፌሮችና ረዳቶች ተሰበሰቡ። አባቱ ድምፁን ከፍ አላደረገም፣ ግን ሁሉም ሰማው። እኔም ሰማሁት።

"ልጄን የገደለው ፍጥነት አይደለም። የኔ ትምህርት ነው። ልጄ ታዛዥ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ እኔን የሰማ ሁሉ ይርሳኝ።"

አንዱ ሾፌር ቀልድ መስሎት "ታዲያ አባባ፣ የቤንዚኑን ልዩነት ይሰጡናል?" አለ። ጓደኛው ጎሸመው። ሌላው ግን ቆቡን አወለቀ። እሱም ያደርገው ነበር መሰለኝ።

የልጄ ባል መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ሚጣ ግራ ገብቷት ራሱን ትዳብሰው ነበር።

ወደ ቤት አብረን ተመለስን። ድሮ ከፊቴ ነበር የሚሄደው። ዛሬ ከጎኔ።

ታኅሣሥ 14

ትራፊክ ቢሮ ሄድን። ያ ጨዋ ልጅ ሰማን። መካኒኩም መጥቶ ተናገረ። ወረቀቱ ይቀየር አይቀየር አላውቅም፣ አለቃ ይወስናል አለን። አባቱ "ይቀየር ብዬ አይደለም፣ አንተ እንድታውቅ ነው" አለው። ልጁ ተነሥቶ እጃችንን ጨበጠ።

ሰፈር ውስጥ ግን ወረቀት አላስፈለገም። ያቺ እጄን የያዘችኝ ሴት መንገድ ላይ አቁማኝ "ኤሊ እንደሆነ ሞተ ለካ" አለች። አለቀስኩ። ከቀብሩ ወዲህ እንዲህ አልቅሼ አላውቅም። የደስታም ያለበት ይመስለኛል... ይቅር በለኝ።

ታኅሣሥ 25

የብረታ ብረት ነጋዴ መኪናዋን ሊወስዳት መጣ። ሸራውን ከመጫኗ በፊት ጨርሼ ወሰድኩላት። የፊቷ ልክ ስለሌለ በግምት ሰፋሁት፣ ሰፋ ብሏል። እኔና አባቱ አለበስናት። ነጋዴው "እናቴ፣ እኔ እኮ ልቀጠቅጣት ነው" አለ። አውቃለሁ አልኩት። ለብሳ ሄደች።

ሌሊት ሌሊት አባቱ ከአልጋው ይነሣል። ዝም ብዬ እሰማዋለሁ። አልዳነም። እኔም።

ጥር 16

ዛሬ መቃብሩ ጋ ሄደን ስንመለስ የልጄ ባል በሚኒባሱ ወሰደን። መንገዱ በዚያ ነው፣ ሌላ የለም። አባቱ ከፊት፣ እኔና ሚጣ ከኋላ። የውሃ ታንከሩን ስናልፍ እጄ የሚጣን እጅ ፈለገ።

ቁልቁለቱ ጫፍ ላይ የልጄ ባል ማርሹን ቀነሰው። ሞተሩ ጮኸ። አጉረመረመ፣ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። መኪናዋ እየተያዘች፣ እየተንፏቀቀች ወረደች። ከኋላችን አንዱ ጥሩምባ እያሰማ ቀደመን፣ "ኤሊ!" ብሎ እየሰደበ። ከዚያ ሚጣ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። አባቱ ወደ መስኮቱ ዞሮ ፊቱን ደበቀን።

"ዛሬ ብዙ ጠጣች አባባ" አለ የልጄ ባል፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው።

ያ በጠብታ የሚኖር ሰውዬ፣ ያ ባለ ሰዓት፣ እጁን ጭኑ ላይ እንዳደረገ፣

"ትጠጣ ልጄ" አለ። "ትጠጣ።"

ለማንም አላሳይም ብዬ ነበር። አሁን ግን ይህን ደብተር አንድ ቀን የምታገኙት፣ ከወገብና ከትከሻው ልክ በኋላ እስከዚህ ያነበባችሁ ካላችሁ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ልጄን ፍጥነት ገደለው አትበሉ። ቁልቁለት ስትወርዱ የሞተራችሁ ጩኸት ጆሯችሁን ሲረብሸው፣ ቤንዚኑ ሲያሳዝናችሁ፣ በዚያች ቅጽበት ስለ ነፍሱ ጸልዩልኝ። አሳርፈው በሉልኝ። ስሙን አልጻፍኩም፣ እጄ እምቢ አለኝ። ኤሊ በሉት። ላይ ያለው ማንን እንደሆነ ያውቃል።